የ«ልነሳ» ደወል

ቆቦ ከተማ ውስጥ ድምፄን የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስሜን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ማዞሪያ ነበር የሚሉኝ። ስልክ ያለው ሁሉ እጀታውን ይዘውርና «ማዞሪያ!» ይላል፤ «አቤት፣ የት ላገናኝ?» እላለሁ። ገበያ ስወጣ ሽንኩርት ሻጮቹ እንኳ «ማዞሪያ፣ ነይ ከእኔ ግዢ» ይሉኝ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ይሆናል። እኔን ደስ ነው የሚለኝ። ኧረ ደስታ ብቻ! እኮራበት ነበር፤ ዛሬም እኮራበታለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይክፋው።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሰው ሁሉ «ጓድ» ይባባላል፣ ስብሰባ በየሳምንቱ ነው፣ «አሻጥር» የምትባል ቃል ደግሞ የሰው አንገት ላይ ለመውደቅ ትንሽ ምክንያት ነው የምትፈልገው። ዳቦ ቢያርር አሻጥር፣ መኪና ቢሰበር አሻጥር። እኔ ያኔ ሃያዎቹን ብጀምር ነው። ከቆቦ ልጆች ያን ወንበር የያዝኩ የመጀመሪያዋ ሴት ነኝ።

ማዞሪያው ቁም ሳጥን የሚያህል የእንጨት ሣጥን ነው። ፊቱ ላይ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ በላይ ደግሞ ጥፍር የምታክል የናስ ክዳን። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ እጀታውን ሲዘውር ክዳኗ ቀጭ ብላ ትወድቃለች፤ ቁጥሩ ይታየኛል። ከፊቴ ጥንድ ጥንድ ሆነው ከተደረደሩት ገመዶች አንዱን ጫፍ እሱ ቀዳዳ ውስጥ፣ ጥንዱን የሚፈልገው ሰው ቀዳዳ ውስጥ እሰካለሁ። ተገናኙ ማለት ነው። ሲጨርሱ አንዳቸው እጀታውን አንዴ ይዘውራሉ፤ የዚያ ገመድ የራሱ ክዳን ትወድቃለች፤ ጨርሰዋል ብዬ ሁለቱንም ጫፍ እነቅላለሁ። ገመዱ አሥር ጥንድ ነበር። አሥር ጥንድ ማለት በአንድ ጊዜ አሥር ጨዋታ ማለት ነው፤ ለቆቦ ይበቃል።

ከእኔ በፊት ወንበሩ ላይ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ ወጥተው ወደ ደሴ ሄደዋል። እሳቸው ሰው ሲያወራ ቁልፉን ከፍተው ያዳምጡ ነበር። ከገመዶቹ ሥር ትንንሽ ቁልፎች አሉ፤ ወደፊት ገፋ ካደረጓቸው የሁለቱ ሰዎች ወሬ ጥርት ብሎ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ ለጋብቻ ታጭታ ሳለ የልጁ ወገኖች ዋጃ ካለ ዘመዳቸው ጋር ስለ እሷ ያወሩትን ሽማግሌው ሰምተው ጠጅ ቤት ተረኩት። ጋብቻው ፈረሰ። ያች ልጅ ስታለቅስ ራሷን ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ወንበሩን ስረከብ ግድግዳው ላይ «ኦፕሬተር በደንበኛ ንግግር ውስጥ አይገባም» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ሲለጠፍ እኔን ማንም ማዘዝ አላስፈለገውም። ከማስታወቂያው በፊት እኔው ላላዳምጥ ምዬ ነበር።

እንግዲህ ጣጣው የመጣው ከእኔ ጋር ነው። ጠዋት ማዞሪያው ደህና ነው፤ ረፋድ ላይ ሦስት ገመድ ተሰክቶ ይቀራል፤ እኩለ ቀን ላይ ስድስት። ክዳናቸው አይወድቅም። ይነጋገሩ ይሆን፣ ጨርሰው ምሳ እየበሉ ይሆን፣ ማን ያውቃል! አዘቦት ቀን ሲሆን ሰዓት ገምቼ እነቅላለሁ፤ አንዳንዴም ያልጨረሰ ሰው እነቅልና እሰደባለሁ። የገበያ ቀን ግን የማሽላው፣ የከብቱና የጨው ነጋዴው ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ገና ሰባት ሰዓት ሳይሞላ አሥሩም ጥንድ ይያዛል። አዲስ ክዳን ይወድቃል፣ ሌላም ይወድቃል፣ እኔ ግን የምሰካው ገመድ የለኝም። ማዞሪያው ቁጭ ብሎ እያየኝ ሞተ ማለት ነው። ከተማው «ቆቦ ተዘጋች» ይላል።

አለቃዬ ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹ ብዙ ናቸው፣ ፍርሃቱም እንደ ልጆቹ ብዙ ነው። እሱ ያገኘው መድኃኒት አንድ ብቻ ነበር፤ «ጥረጊው!» ይለኛል። መጥረግ ማለት አሥሩንም ገመድ በአንድ ትንፋሽ ነቅሎ እንደ አዲስ መጀመር ነው። የጨረሰውም ያልጨረሰውም አብሮ ይቆረጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁሉም ደህና ይሆናል፤ ከዚያ ገመዱ አንድ በአንድ እየተበላ ይሄድና እዚያው እንመለሳለን። በአንድ የገበያ ቀን ሦስት ጊዜ የጠረግንበት ጊዜ አለ።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ ጠረግሁ። ከጠረግኋቸው መካከል የከተማው ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበሩበት፤ ደሴ ላሉት የበላዮቻቸው ሪፖርት እያቀረቡ።

ሊቀመንበሩ ከጎጃም ተመድበው የመጡ፣ ሳቅ የማያውቁ ሰው ናቸው። በእግራቸው መጡ። በሩን ሲከፍቱት አለቃዬ ብድግ ብሎ ወንበሩን ገለበጠ።

«በሪፖርት መሃል የቆረጠኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጓድ» አልኩ። ምን ልዋሽ! እጄ አሁንም ገመድ ይዟል።

«በሽማግሌው ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ነበረ?» አሉ ወደ አለቃዬ ዞረው።

አለቃዬ አልነበረም አለ። እውነቱን ነው፤ አልነበረም።

«እንግዲያው ብልሽቱ ከማሽኑ አይደለም። ሁለት ገበያ ሰጥቻለሁ። በሁለተኛው ገበያ ይህ ማዞሪያ ከተዘጋ፣ በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ትቀርቢያለሽ። በምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። በአሻጥር ነው። ያን ጊዜ በአሻጥር ስሙ የተነሳ ሰው ሥራውን ብቻ አልነበረም የሚያጣው። ፈራሁ፤ አልዋሽም። ከፍርሃቱ በላይ ግን ቆሽቴ አረረ። እኔ! ሌሊት ሳይቀር ቁጥር በቃሌ የማጠና፣ ገመዱን በራሴ ሻሽ የምወለውል ሰው፣ አሻጥረኛ?

በዚያው ሳምንት ከደሴ ቴክኒሻን ተላከ። ጎበዝ ነው፤ ጎበዝ መሆኑንም ያውቃል። ሣጥኑን ፈታው፣ ክዳኖቹን በአልኮል ጠረገ፣ ባትሪዎቹን ለካ፣ አሥሩንም ገመድ ለወጠ። ከዚያ በየደንበኛው ቤት እየዞረ እጀታ ዘወረ፤ እኔ እዚህ ክዳኗን አያለሁ። ሁሉም ወደቁ። አንዲት እንኳ አልቀረችም።

«ማሽንሽ ከእኔ በላይ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ሽማግሌው እኮ ምንም አስማት አልነበራቸውም። እየገቡ ያዳምጣሉ፤ ዝም ካለ ይነቅላሉ። ግቢና አዳምጪ፤ አለቀ!»

«አላዳምጥም።»

«ለሥራ ነው።»

«ለሥራ ተብሎ የተጀመረ ነገር ጠጅ ቤት ሲያልቅ አይቻለሁ። አላዳምጥም።»

ትከሻውን ነቀነቀና ሪፖርቱ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት፦ የኦፕሬተር አሠራር» ብሎ ጻፈ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ከፊቴ ነው የጻፈው፤ ደግሞም ሲጽፍ ያፏጫል።

የመጀመሪያው ገበያ ደረሰ። ማዞሪያው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ፤ ሁለት ጊዜ ጠረግን። የቀረኝ አንድ ገበያ ነው። ቤት ገብቼ እራት አልበላ አለኝ። አባቴ፣ ገበሬ ነው፣ ስልክ በእጁ ነክቶ አያውቅም፣ ነገሩን አስረዳሁትና ጥቂት አሰበ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለኝ። «አንቺ ጫፉን ይዘሽ ነው የምትጎትችው።» በማግስቱ ገመዱን ማየት ትቼ ሰውን ማየት ጀመርኩ።

ያገለገሉ ቅጾች ጀርባቸው ባዶ ነው። በእነሱ ላይ ማን ደወለ፣ ማን ሲጨርስ ዘወረ፣ ማን ሳይዘውር ቀረ እያልኩ ሦስት ቀን ጻፍኩ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ይዘውራል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ይዘውራል። ሊቀመንበሩ ይዘውራሉ፤ እንዲያውም እጀታው እስኪነቀል። እነዚህ ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የእህል ነጋዴው ሐጂ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ሆቴሏ፣ ቆዳ ገዢው፣ እነዚህ የአገሬ ሰዎች አይዘውሩም። ወይ ጉድ! የራሴ ወገኖች ናቸው የሚገድሉኝ?

ግን ደግሞ አንዳንዴ ይዘውራሉ። ይኼ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ሐጂ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ ሳይዘውሩ አንዴ ብቻ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ሲጨርሱ፣ ክዳኗ እስክትበርር ዘወሩት። በማግስቱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና «ሐጂ፣ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ደህና ናቸው?» አልኳቸው፤ ነገር ለማውጣት።

«ያንን ውሸታም አታንሺብኝ! ወላሂ ሁለተኛ አላናግረውም!»

ተጣልተው ነበር። ወረቀቴን እንደገና አየሁ። ቆዳ ገዢው የዘወረው ከደላላው ጋር ሲጣላ ነው፤ ጸባቸውን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ አገር ሰው የሚዘውረው ሲጣላ ብቻ ነው! ብቻዬን ሳቅሁ፤ አለቃዬ አበድኩ ብሎ ሰጋ። ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባኝም።

ስለዚህ አለቃዬን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ሆቴል ቤት ሄድኩ። የሆቴሏ ባለቤት ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት፤ እታለም ነው የምላት። ስልኳ ባንኮኒው ላይ ነው። ስደርስ ወንድሟን ታናግራለች፤ ሹፌር ነው፣ ከወልድያ ሊነሳ ነው። ወሬው አለቀና ምርቃቱ ጀመረ።

«በል ወንድምዓለም፣ ያግባህ። እመብርሃን ትከተልህ። ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ጎማህን አያፈንዳው፣ ትራፊኩን ያሳውርልህ፣ አሜን።» ከዚያ መነጋገሪያውን እንደተኛ ሕፃን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። እጀታውን ዞር ብላም አላየችው።

«እታለም፣ ለምን አትዘውሪውም?»

«የቱን?»

«እጀታውን ነዋ! ሲጨርሱ አንዴ ይዘወራል ተብሎ አልተነገራችሁም?»

«ተነግሮናል። ስዘውረው ግን እሱም ዘንድ ደወሉ ይጮሃል፤ አይደል?»

«ትንሽ ይጮሃል። ታዲያ ምን አለበት?»

እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ከእግር እስከ ራስ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ? መርቄ የሸኘሁትን መንገደኛ ከኋላው ልጥራው? መኪና ላይ የሚወጣ ሰው! አሁን ጠርቼው መንገዱ ቢሰናከል ምን ልትይኝ ነው?»

ጆሮዬ ጋለ። ያን ዕለት ጠዋት አባቴ ወደ ጎብዬ ሲወጣ ዱላውን ረስቶ ነበር። ዱላውን ይዤ ሮጥኩ፤ ግን «አባዬ!» ብዬ አልተጣራሁም። መንገደኛ ከኋላ አይጠራማ! በእርሻው ዳር አቋርጬ፣ ቀድሜው፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ ነው የሰጠሁት። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው፤ እግሬ ሳይቀር ያውቀዋል። ጭንቅላቴ ብቻ ነው ያላወቀው። ቤታችን ስልክ ኖሮ አያውቅ፤ በዚያኛው ጫፍ ተቀምጬ ዘመድ ሸኝቼ አላውቅ። ከደሴ የመጣው ባለሙያ ይህን በየትኛው መለኪያ ያገኘዋል? በራሴ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ ደስ አለኝ።

«የተጣላሽውንስ?» አልኳት።

«የተጣላሁትንማ ከኋላም ከፊትም እጠራዋለሁ፤ ገደል ይግባ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው።

ምክንያቱ ተገኘ፤ መፍትሔው ግን የለም። አለቃዬን አውቀዋለሁ፤ ቅጣት እናውጅ ነው የሚለው። ማንን ነው የሚቀጣው? ራያን? ራያ አድርግ ሲሉት ያደርግ የነበረውንም የሚተው ሕዝብ ነው። ደግሞም ማንም ቢያስገድደኝ እኔ ራሴ አባቴን ከኋላ አልጠራም።

«በይ ልነሳ» አልኩ።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ምሳ ደርሷል!»

ቁጭ አልኩ። ስለ ወንድሟ፣ ስለ ማሽላው ዋጋ፣ ስለ እናቴ ጉልበት ተጫወትን። «በይ ልነሳ» አልኩ ደግሜ፤ ተነስቼም ባንኮኒውን ተደግፌ ሌላ ወሬ ጀመርን። በሦስተኛው ልነሳ በሩ ላይ ደረስኩ፤ እሷም ተከትላኝ መጣችና ደጃፍ ቆመን አወራን። እዚያ ላይ አንድ ነገር በራልኝ። በእኛ አገር ሰው ሲነሳ አይደለም ልነሳ የሚለው። ልነሳ የሚለው ገና ተቀምጦ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ወሬ፣ ትልቁ ምርቃት የሚመጣው። ልነሳ ማለት ሄድኩ ማለት አይደለም፤ ተሰናዱ ማለት ነው።

እጇን ያዝኳት። «እታለም፣ ከመመረቅሽ በፊት ዘውሪው!»

«እ?»

«ወሬው ሲያልቅ፣ ገና ሳትመርቂ፣ አንዴ ዘውሪው። ‹ልነሳ ነው› እንደማለት። እሱ ገና አልሄደ፣ መነጋገሪያው ጆሮው ላይ ነው፤ ከኋላ የተጠራ ሰው የለም። ከዚያ እንደልብሽ መርቂ። እኔ ክዳኗን አያለሁ፤ ወዲያው ግን አልነቅልም። ጠብቄ ነው የምነቅለው።»

«ስንት ትጠብቂኛለሽ? የእኔ ምርቃት ረጅም ነው።»

ሰዓት ብነግራት ማን ሰዓት ያያል! «ሦስት ጊዜ አባታችን ሆይ እደግማለሁ» አልኳት።

ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። «ይኼስ ደርበብ ያለ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከሥራ ስወጣ በየደጁ ዞርኩ። እታለምም በእንግዶቿ በኩል ወሬውን ነዛችው፤ እሷ የያዘችውን ወሬ ሬዲዮም አይቀድመው። ሐጂ ብቻ አከራከሩኝ። «ለክርስቲያኑ አባታችን ሆይ ትደግሚያለሽ፤ ለእኔስ?»

«ለእርስዎ ፋቲሃ እቀራለሁ።»

«አንቺ ፋቲሃ ከየት አመጣሽ?»

«ወሎ አይደለሁ እንዴ፣ ሐጂ!» ብዬ መጀመሪያውን ቀራሁላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና «በይ አብሽሪ፣ እዘውራለሁ» አሉኝ።

ሁለተኛው ገበያ ደረሰ። ጠዋቱን ቴክኒሻኑ ከደሴ ተመልሶ መጣ፤ ሊቀመንበሩ ናቸው ያስጠሩት፤ ማዞሪያው ሲዘጋ በዓይኑ አይቶ እንዲመሰክርብኝ። ከኋላዬ፣ ከአለቃዬ አጠገብ፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዞብል በኩል የመጡት ግመሎች በመስኮቱ ያልፋሉ፤ ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ጀርባዬን በላብ አጥቦታል። ክዳኖቹ መውደቅ ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት ገመድ። ያኔ የሆቴሏ ገመድ ክዳን ቀጭ አለች። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ ነቀልኩ። የሰደበኝ የለም። ቀጥሎ ሐጂ፤ ፋቲሃዬን ቀርቼ ነቀልኩ። ቀጥሎ ወፍጮ ቤቱ፣ ቆዳ ገዢው። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ የተያዘው ገመድ ስድስት ነው። ሰባት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት፣ ከዚያ አምስት። አሥሩ አንድ ጊዜም አልሞላም። ቴክኒሻኑ ማፏጨቱን ትቷል።

«ምንድን ነው የምታንሾካሹኪው?» አለኝ።

«ጸሎት ነው።»

«ማሽን በጸሎት?»

«ሰው ሲሰናበት የሚፈጀውን ጊዜ ነው የምለካው፤ አንተ በሰዓት ለካ» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የሊቀመንበሩ ጥሪ ደረሰ። በደሴ በኩል ጎጃም ካሉ እናታቸው ጋር ቀጠሮ አስይዘው ነበር፤ ሴትዮዋ እዚያ ወዳለው ስልክ ቤት በመልእክተኛ ተጠርተው መጥተዋል። አገናኘኋቸው። ወደ ደሴ የሚወስደን መስመር አንድ ብቻ ነው፤ ከኋላቸው አራት ነጋዴ ይጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ የገመዳቸው ክዳን ወደቀች።

እጄ ሊነቅል ሄደና አየር ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ ሲጨርሱ የሚዘውሩ ሰው ናቸው፤ የልነሳን ነገር አልነገርኳቸውም፤ ማን ደፍሮ ይነግራቸዋል! በወረቀቴ መሠረት ይህ «ጨረስኩ» ነው። ግን ዛሬ ክዳኗ የወደቀችው ቀስ ብላ ነው፤ የእሳቸው አዘዋወር አይመስልም። ጨርሰው ከሆነና ካልነቀልኩ ደሴ ይዘጋል፤ ነጋዴው ይጮሃል፤ ከተማው ቆቦ ተዘጋች ይላል። ካልጨረሱና ከነቀልኩ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ቆረጥኳቸው ማለት ነው፤ ያውም ከእናታቸው።

«ጨርሷል፤ ንቀይ» አለ ቴክኒሻኑ።

ክዳኗን ወደ ላይ መለስኩና አባታችን ሆይ ጀመርኩ። ሦስት ጊዜ አለቀ። አልነቀልኩም። አራተኛ ጀመርኩ። የነጋዴዎቹ ክዳን ይወድቃል፤ «ይጠብቁኝ፣ ይጠብቁኝ» እላለሁ።

«እሺ፣ ቁልፉን ክፈቺና አንድ ጊዜ ብቻ ስሚ! ዝም ካለ ትነቅያለሽ። ከኮሚቴ ፊት አንድ ቁልፍ ነው የሚያድንሽ፣ አንቺ ሴት!» ብሎ እጁን በትከሻዬ ላይ አሳልፎ ወደ ቁልፉ ሰደደ። መዳፌን ቁልፉ ላይ ጫንኩ።

«ሰው ከእናቱ ጋር እያወራ ነው። እጅህን አንሳ።»

አነሳ። አምስተኛውን ደገምኩ፣ ስድስተኛውን ደገምኩ፤ ነገ ምን እንደምባል ሁሉ በጆሮዬ ይሰማኛል። ሰባተኛው መሃል ላይ ክዳኗ ለሁለተኛ ጊዜ ወደቀች፤ አሁንስ በእውነት ጨርሰዋል። ነቀልኩ። ነጋዴዎቹን ተራ በተራ ከደሴ አገናኘሁ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ናቸው። ብድግ አልኩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ምን ሰማሽ?» አሉኝ።

«ምንም አልሰማሁም፣ ጓድ።»

ወደ ቴክኒሻኑ ዞሩ። እሱም፣ ይመስገን፣ አልዋሸም። «ስሚ ብያት ነበር። እጇን ቁልፉ ላይ ጭና እምቢ አለችኝ። ማዞሪያውም አንዴ አልተዘጋም፣ ጓድ። የጻፍኩትን ሪፖርት እቀይራለሁ።»

ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡ። «ምሳ የምበላበት ሆቴል ሴትዮዋ ናት ያስተማረችኝ» አሉ። «መጀመሪያ ዘውረህ ከዚያ ተሰናበት፤ ማዞሪያ ትጠብቅሃለች አለችኝ። እኔ ግን ስንብቱ ላይ ነው እናቴን ደፍሬ የጠየቅኋት። ስለ ጠፋው ወንድሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ እናቴን ስለ እሱ መጠየቅ ፈርቼ ነበር።»

በዚያ ዘመን ሊቀመንበር የሆነ ሰው የጠፋ ወንድሙን በስልክ መጠየቁ ምን ማለት እንደሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ቁልፉን ከፍቶ የሰማ ሰው ቢኖር ኖሮ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ኮሚቴ ፊት ይቀርቡ ነበር። አለቃዬ ያልሰማ መስሎ መስኮት መስኮቱን አየ።

እሳቸው ባርኔጣቸውን አጠለቁና ወደ በሩ ሄዱ። እኔ እንደቆምኩ ነኝ። የበሩን እጀታ ይዘው ዞር አሉ።

«ለምን ቆመሻል? ቁጭ በይ፤ ወንበርሽ ነው» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ።